ቁጥር 417 አልሞተችም

ቀን፦ ሚያዝያ 6

ለዩኒቨርሲቲው የአስተዳደርና ልማት ምክትል ፕሬዚዳንት
ጽሕፈት ቤታቸው

አመልካች፦ በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ማዕከል የስም ሰሌዳ ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ በመዝገብ ሞታለች የተባለች ዛፍ በሕይወት መኖሯን ስለማሳወቅና ፍሬዋ እስኪበስል የሰባት ሳምንት ጊዜ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

በዚህ ጉዳይ ስጽፍ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ አጭርና ጨዋ ነበሩ፤ መልሳቸውም አጭርና ጨዋ ነበር። ይህኛው ይረዝማል። በፊተኞቹ ውስጥ ሳልጽፍ ያስቀረሁት ነገር ስላለና እሱ ካልተጻፈ የሚያምነኝ እንደማይኖር ስለገባኝ ነው። ሐቁን ለመናገር ተጽፎም የሚያምነኝ ይኖራል ብዬ አይደለም። ግን ዛፏ ያለችበት የማዕከሉ የታችኛው መደብ ምንጣሮ ሚያዝያ 20 እንደሚጀመር በማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ዛሬ ስድስት ነው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ጽፌ ልቀመጥ አልኩ።

1. እኔ አመልካች በማዕከሉ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ሥራዬ ለዕፅዋቱ ስም መጻፍ ነው። ስስ አሉሚኒየም እቆርጣለሁ፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ አለሰልሰዋለሁ፣ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በብረት መምቻና በመዶሻ እመታቸዋለሁ። ቀለምን ዝናብ ያጥበዋል፤ የተመታ ፊደል ግን ይቆያል። ሽቦው ላላ ተደርጎ ነው የሚታሰረው፤ ዛፍ ይወፍራላ። ሰሌዳዎቹን እኛ ታርጋ ነው የምንላቸው፤ በዚህ የተነሳ የተማሪው ሁሉ መጠሪያዬ «ትራፊክ» ሆኗል። አንዳንዱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የምር ትራፊክ ፖሊስ የነበርኩ ይመስለውና ሲያየኝ በእግረኛ መንገድ ላይ ሰልፉን ያስተካክላል።

2. በማዕከላችን መመሪያ ያልተጻፈለት አንድ ልማድ አለ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም እሱ ነው። አንድ ተክል ሲሞት ታርጋው አይጣልም። ከጀርባው የሞተበትን ቀን እመታበትና በመሣሪያ ክፍሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ በምስማር እሰቅለዋለሁ። ልማዱን ያስጀመሩት ማዕከሉን ያቋቋሙት የዕፅዋት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ፕሮፌሰሩ የምላቸው እሳቸውን ነው። ምን እንደሞተብን ካላወቅን ምን እንደምንተክል አናውቅም ይሉ ነበር። ዛሬ በግድግዳው ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ታርጋ አለ። የአረም ሠራተኞቹ ጠዋት አካፋ ሊያወጡ ሲገቡ «ደህና አደራችሁ» ይሏቸዋል፤ ማታ አካፋውን ሲመልሱ «ደህና እደሩ»። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አሁን ረስተው የወጡ ቀን ከበር የሚመለሱ አሉ።

3. ባለፈው ኅዳር በታችኛው መደብ ላይ የተማሪዎች ክሊኒክ እንዲሠራ ተወሰነ። ክሊኒኩን አልቃወምም። ይህን ዓረፍተ ነገር አስምረው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ባለቤቴ ጉልበቱን የጨረሰው ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ነው፤ ለአንድ ዛፍ ብዬ የሰው ልጅ መታከሚያ ይቅር የምል ሴት አይደለሁም።

ከግንባታው በፊት ሦስት አባላት ያሉት የቆጠራ ኮሚቴ መጣ። ሁለት ቀን ሠሩ። የቆመውን ተክል ታርጋ እያነበቡ መዘገቡ፤ ቀጥለው መሣሪያ ክፍል ገብተው የግድግዳውን ታርጋ «የሞቱ» በሚል ዓምድ ሥር መዘገቡ፤ ሁለቱን ከማዕከሉ መዝገብ ጋር ሲያመሳክሩት አንድም ሳይጎድል አንድም ሳይተርፍ ገጠመላቸው። ሰብሳቢው «እንዲህ የጠራ መዝገብ ያለው ክፍል አይተን አናውቅም» ብለው አመሰገኑኝ። ሻይ ጋበዙኝ። ጠጣሁት። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ሻዩን ጠጥቼ ብርጭቆውን መለስኩ።

በሪፖርታቸው ላይ ቁጥር 417 «ከስምንት ዓመት በፊት የካቲት 19 ሞታለች» ይላል። ስለ ታችኛው መደብም «ብርቅ የሆነ ወይም ሊጠበቅ የሚገባው ተክል የለም» ይላል።

4. ሁለቱም ልክ አይደሉም። 417 በታችኛው መደብ፣ ከቧንቧው በስተግራ፣ ከረጅሙ አግዳሚ ወንበር ጀርባ ቆማለች። የቆመችው ግን በሌላ ስም ነው፤ በየመንገዱ ዳር ለጥላ በሚተከልና ማንም ዞር ብሎ በማያየው ተራ ዛፍ ስም። ያንን ታርጋ ያሰርኩባት እኔ ነኝ። የራሷን ታርጋ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ኮሚቴው የቆጠረው የኔን ውሸት ነው፤ በነሱ አልፈርድም። ሞቷል ተብሎ የተጻፈን ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም።

የዛፏን ትክክለኛ ስም በዚህ ማመልከቻ ላይ ስላልጻፍኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማመልከቻ በብዙ እጅ ያልፋል፤ የሷ ስም በብዙ እጅ ሲያልፍ ምን እንደሚከተል ደግሞ ከታች ያዩታል። ስሟ አብሮ በቀረበው የታሸገ ፖስታ ውስጥ አለ።

5. ፕሮፌሰሩ 417ን ያመጧት በዱቄት ወተት ጣሳ ተክለው ነው፤ እኔ ከመቀጠሬ ብዙ ዓመት በፊት። ካገኙባት ሸለቆ ላይ በኋላ ግድብ ተሠርቶ ውሃ ተኛበት። ሌላ ቦታ ትኖር እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያፈላልጉ ኖረው አላገኙም። ከቅርንጫፏ እየቆረጥን ለማራባት አርባ ጊዜ ሞክረናል። ሠላሳ ስምንቱ በሰበሰ፤ ሁለቱ ሥር አወጡና ደስ ብሎን ሳናበቃ ደረቁ። ከዘር በቀር መንገድ የላትም።

6. አሁን በፊተኞቹ ማመልከቻዎች ያልጻፍኩትን እጽፋለሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለቤቴን ጉበቱን አመመው። አናጢ ነበር፤ ከ417 ፊት ለፊት ያለውን ረጅም አግዳሚ ወንበር የሠራው እሱ ነው። ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ውሰጂው» ባሉኝ ሰሞን፣ ፕሮፌሰሩ በአንድ የመስክ ማስታወሻቸው ላይ የሸለቆው ሰዎች ልጣጯን ለሆድ ሕመም እንደሚጠቀሙበት መጻፋቸው ትዝ አለኝ። ታርጋ ስሠራ ያነበብኩት ነው። ሆድንና ጉበትን ምን አገናኘው አይበሉኝ፤ የጨነቀው ሰው ሁሉን ያገናኛል። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰው ገለል ሲልልኝ፣ መዳፌን የምታህል ልጣጭ ከግንዷ ላይ በቢላ አነሳሁ። ቁመቷን ተከትዬ ነው የቆረጥኩት። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደሚሞት አውቃለሁ፤ ለባሌ ስሰርቅም እንኳ ያንን አልረሳሁም። ቀቅዬ አጠጣሁት። አስመለሰው። በማግስቱ «ሻል ብሎኛል» አለኝ። ለኔ ብሎ ነው።

በዚያው ሳምንት የመድኃኒት መስኮት ላይ ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ የቆመች፣ ወንድሟ የታመመባት አንዲት ሴት «እህቴ፣ ቤት ምን እየሰጠሽው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የዛፏን ስም ነገርኳት፣ ያለችበትን ነገርኳት፣ «ታርጋ አላት፤ አትስቻትም» ብዬም ጨመርኩላት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ለሌላ የጨነቀው ነግራለች፣ ያም ለሌላ ነግሯል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ባለቤቴ የካቲት 19 አረፈ።

7. ከሐዘን ፈቃድ ስመለስ 417ን ከጉልበት እስከ ደረት ተልጣ አገኘኋት። ባልነበርኩበት ጊዜ ሰዎች ፌስታል ይዘው እየመጡ፣ የኔን ታርጋ እያነበቡ፣ የድርሻቸውን አንስተው ሄደዋል። የጥበቃ ሠራተኛው «ዘመድ የሚጠይቁ ነበር የመሰለኝ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደሷ ነው የሚሄዱት» አለኝ። ሦስት ጣት የማትሞላ ልጣጭ ብቻ ከላይ እስከ ታች ሳትቆረጥ ቀርታ ነበር። ነፍሷን ያቆየቻት እሷ ናት።

ፕሮፌሰሩና እኔ ጭቃና እበት ለውሰን ቀባናት፣ በጆንያ ጠቀለልናት። ስንጨርስ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ቧንቧው ሥር እየታጠቡ «በቃ ትሙት» አሉ። ደነገጥኩ። «ለሰው ትሙት፣ ለኛ ትኑር። ሁለት ዓመት ይበቃል፤ ሰው ይረሳል» አሉኝ። በመዝገቡ ላይ «ሞታለች» ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ተራውን ስምም በአዲስ ቁጥር መዘገቡ። እኔ ታርጋዋን ፈትቼ ተራውን ስም አሰርኩላት።

በግድግዳው ላይ ያለ ቀን የሚሰቀል ታርጋ የለም። «ቀኑን ስንት ልምታ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ደስ ያለሽን» አሉኝ። መዶሻውን ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያ ወር የማውቀው ቀን አንድ ብቻ ነበር። የካቲት 19 ብዬ መታሁ፤ እሳቸውም ታርጋውን አይተው መዝገቡ ላይ ያንኑ ቀን ሞሉ። ምን ቀን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ቀብሩ ላይ ቆመዋል።

ስለ መጀመሪያዋ ልጣጭ ግን አልነገርኳቸውም። አንድ ጊዜ «ይቺን ማን አነሳት?» ብለው ጠየቁኝ፤ «እንጃ» አልኩ። የተቆረጠ እንጨት አይተው ቢላዋው በየትኛው እጅ እንደነበር የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ። ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

8. ሁለት ዓመቱ አለፈ። ፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ከወጡም በኋላ እየመጡ «ታርጋዋን መልሺላት እንጂ» ይሉኝ ነበር፤ «እሺ» እላቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። አሁንም አልመለስኩም።

ለምን እንዳልመለስኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የባለቤቴ መቃብር ከከተማው ማዶ ነው፤ ሁለት አውቶብስ ያስይዛል። ታርጋዋ ግን በየጠዋቱ አካፋ ስናወጣ ፊት ለፊቴ ናት። ገልበጥ አድርጌ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን በጣቴ እነካውና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ወደ ዛፏ ልመልሳት ካልኩ ቀኑን በመዶሻ መደምሰስ ነበረብኝ። ነገ ነገ ስል ስምንት ዓመት ሆነ። የዩኒቨርሲቲውን ንብረት ለግል ሐዘኔ መጠቀሜን አምናለሁ፤ ለዚህ የሚገባኝን የዲሲፕሊን ቅጣት ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ቅጣቱ ግን ለኔ እንጂ ለሷ እንዳይሆን።

9. የታችኛው መደብ በሪፖርቱ «አገልግሎት የማይሰጥ ቦታ» ተብሏል። ኮሚቴው የመጣው ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቢመጡ ኖሮ የሠፈሩን ጡረተኞች ያገኟቸው ነበር። በጣሳ፣ በተቀደደ ባልዲ፣ አንዷማ በልጇ አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ችግኝ ይዘው ይመጣሉ፤ ረጅሙ ወንበር ላይ ደርድረው ይለዋወጣሉ። አንዱ የሰጠው ሲደርቅበት ጥፋቱን በሌላው አፈር ያሳብባል፤ ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ እስካሁን ለማንም ፈርጄ አላውቅም። በፈተና ሰሞን ደግሞ ወንበሩ ላይ መቀመጫ ለማግኘት ተማሪው ጎሕ ሳይቀድ ደብተር ያስቀምጣል።

ከነዚህ ተማሪዎች አንዱ ዓይነ ስውር ነበር፤ ሕግ ነው ያጠናው። የታወረው ማንበብ ከቻለ በኋላ ስለሆነ ፊደል ያውቃል፤ ታርጋዎቼን በጣቱ ያነባቸው ነበር። እኔም እሱ ከመጣ ወዲህ ፊደሎቹን ጠለቅ አድርጌ እመታ ጀመር። አንድ ቀን ከ417 ሥር ቆሞ «እማማ ትራፊክ፣ የዚች ዛፍ ስም ውሸት ነው» አለኝ። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው «መንገድ ዳር ያሉት እንዲህ አይሸቱም፤ ደግሞ ይቺ ጠባሳ አላት» አለ። «ዝርያው ይለያያል» ብዬ ዋሸሁት። አመነኝ። ታርጋ ላይ ያለውን ማመን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ተመርቆ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ቢኖር ይህን ማመልከቻ እሱ ባሳመረው ነበር፣ እኔም ዓይኑን ሳላይ ይቅርታ በጠየቅኩት።

10. ዘንድሮ በጥር 417 አበበች። ከተላጠች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አሁን ስልሳ ሦስት ፍሬ ይዛለች፤ በየጠዋቱ እቆጥራቸዋለሁ። በፕሮፌሰሩ ማስታወሻ መሠረት ፍሬዋ ካበበች በኋላ ወደ አምስት ወር ይፈጅባታል፤ ሲበስል ይጠቁርና ሲነቀንቁት ውስጡ ይንኳኳል። አረንጓዴውን ቀጥፎ መዝራት እንደማይሆን እሳቸው ሁለት ጊዜ ሞክረው ጽፈዋል፤ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ሳምንት ይቀረዋል። ምንጣሮው ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። የሚጎድለኝ አምስት ሳምንት ነው።

ወፍ እንዳይለቅመው ከቤቴ የመኝታዬን አጎበር አምጥቼ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ሸፈንኩት። የጥበቃ ሠራተኛው አይቶ «ወባ እንዳይዛት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ ግን የራሱን አጎበር በብብቱ ሸጉጦ መጥቶ መሰላሉን ያዢልኝ አለ። ዛፍ ላይ ሲወጣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው አይመስልም።

ባለፈው ሳምንት ከፕሮጀክት ክፍል አንድ ባለሙያ መጥቶ ግንዷ ላይ በቀይ ቀለም የመስቀል ምልክት አድርጎባት ሄደ። ምልክቱ የተደረገው ጠባሳው ላይ ነው፤ ለቀለም የሚመች ለስላሳ ቦታ እሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

11. እዚህ ከመድረሴ በፊት ያንኳኳሁትን በር በአጭሩ ልግለጽ።

የማዕከሉን አስተባባሪ በቃልም በጽሑፍም ለመንኳቸው። ወጣት ናቸው፣ ትሑት ናቸው፣ የተማሩት አስተዳደር ነው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። መደቡ ድረስ ወርደው አዩላት። ታርጋዋን አነበቡና «እናቴ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው የሚለው» አሉኝ። ታርጋውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው አልኳቸው። «ታዲያ የቱን ልመን? ያኔ የጻፉትን ነው ወይስ አሁን የሚሉትን?» አሉ።

የፕሮጀክት ክፍሉ በጽሑፍ የሰጠኝ መልስ ሁለት መስመር ነው፤ «በመዝገብ በሞት የተሰረዘ ተክል እንዲጠበቅ የሚፈቅድ አሠራር የለም» ይላል። ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የተሳሳተ ቃል የለበትም።

ፕሮፌሰሩ የ417ን ቅጠል አድርቀው በወረቀት ላይ ለጥፈው፣ ፈርመውበት፣ በደረቅ ዕፅዋት ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋል። የዛሬውን ቅጠል ከዚያ ጋር ማስተያየት ለሚያውቅ ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ክፍሉ ግን ጣሪያው ስላፈሰሰ ከታሸገ ዓመት አልፎታል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍል ርክክብ አልተደረገም ይላል፤ ርክክቡን የሚያደርጉት ሰው ፕሮፌሰሩ ነበሩ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። የዕፅዋት መምህሯም ለትምህርት ባሕር ማዶ ናቸው፤ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፣ አልመለሱልኝም።

በመጨረሻ ወደርስዎ ቢሮ መጣሁ። ጸሐፊዋ በአክብሮት ተቀብለውኝ ቀጠሮ ያዙልኝ። ቀጠሮዬ ግንቦት 11 ነው። ያኔ የምመጣው ስለ ምን ለመነጋገር እንደሆነ አላውቅም፤ ቢሆንም ካርዱን በቦርሳዬ ይዣለሁ።

12. ቃሌ ብቻውን እንደማይታመን ስላየሁ አንድ ማስረጃ ፈልጌ አግኝቻለሁ። በመዝገቡ ላይ 417 መሞቷ የታወቀው የካቲት 19 ሲሆን፣ «ሞቷን ያረጋገጠው ማን ነው» በሚለው ቦታ የተጻፈው «የስም ሰሌዳ ሠራተኛዋ» ተብሎ ነው። በሰው ኃይል አስተዳደር በሚገኘው የግል ማኅደሬ ውስጥ ግን በዚያው ዕለት በባለቤቴ ሞት ምክንያት ከሥራ መቅረቴን የሚያሳይ የሐዘን ፈቃድ ቅጽ አለ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ማኅተም አድርጎበታል። የካቲት 19 እኔ ዛፍ ሥር አልነበርኩም። በዚያ ቀን የሞተ አለ፤ እሷ ግን አይደለችም። ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ አንድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያያቸው ይበቃል።

ይህን ለሰው ኃይል ክፍሉ ሳስረዳ ማኅደሬን አውጥተው ቅጹን አዩልኝ፤ «ነፍስ ይማር» አሉኝ፤ መልሰው አስገቡት።

13. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ዛፍ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከየትም ይሁን ከየት፣ ከሚያዝያ 20 በፊት መጥቶ እንዲያያት። ታርጋውን ሳያነብ እሷን ብቻ እንዲያይ።

ለ) የታችኛው መደብ ሥራ በተያዘለት ቀን ይጀመር፤ መሠረቱም ይቆፈር። ከቧንቧው እስከ ወንበሩ ያለችው አሥራ ሁለት እርምጃ ብቻ እስከ ግንቦት 25 ሳትነካ እንድትቆይልኝ። ፍሬውን ከለቀምኩ በኋላ አንድ ቃል አልናገርም። ወንበሩን እንኳ ውሰዱት አልላችሁም፣ ተዉትም አልላችሁም።

ሐ) ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ፣ እንደማይቻልም ልቤ ያውቀዋል፣ ቢያንስ ሪፖርቱ እንዲታረም። ከስምንት ዓመት በፊት ሞታለች የሚለው ተሰርዞ፣ በሕይወት ሳለች፣ ስልሳ ሦስት ፍሬ ይዛ፣ ሚያዝያ 20 ተቆረጠች ተብሎ እንዲጻፍ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኝነቱን እኔ ወስጃለሁ፤ ወረቀቱን እርስዎ ያስለቅቁልኝ። በውሸት የኖረች ዛፍ በውሸት እንዳትሞት ነው።

14. በታሸገው ፖስታ ውስጥ ያለው የራሷ ታርጋ ነው። ትናንት ጠዋት ከግድግዳው አወረድኩት። የአረም ሠራተኞቹ ገብተው ባዶውን ቦታ ሲያዩ አንዷ «ማን ተነሣ?» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ወጥቼ ፍሬዎቹን ልቆጥር ሄድኩ። ጀርባው ላይ ያለውን ቀን አልደመሰስኩትም፤ ማስረጃ ነውና።

ውሳኔዎ የትኛውም ቢሆን ታርጋው እንዲመለስልኝ እለምናለሁ። ዛፏ ከቆመች ቀኑን ደምስሼ፣ ሽቦውን ላላ አድርጌ አስርላታለሁ። ካልቆመችም ምስማሩን ከግድግዳው አልነቀልኩትም። ሚያዝያ 20ን ከየካቲት 19 በታች እመታዋለሁ። ቦታውን ለክቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ይይዛል።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮትና ከሐቅ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የዕፅዋት ማዕከል የስም ሰሌዳ ሠራተኛ

አባሪ፦
— የፊተኞቹ ሁለት ማመልከቻዎችና የፕሮጀክት ክፍሉ መልስ፣ ቅጂ
— አንድ ቅጠል፣ ዛሬ ጠዋት የተቀጠፈ፤ ሲደርስዎ እርጥብ ይሆን ዘንድ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ
— በታሸገ ፖስታ አንድ የአሉሚኒየም ታርጋ፣ ከነሽቦው